እየነኩና እየጠየቁ እንግሊዝኛ እንዲማሩ፦ ለድሬ ልጆች የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ውድ የድሬ ልጆች፣ ከተማው ውስጥም ከከተማው ውጭም ያላችሁ፣

በመጋላ በኩል፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር ባለችው የሰፈራችን አፀደ ህፃናት ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ ልጆች ይማራሉ። የወላጅ ኮሚቴው ዘንድሮ አንድ ሥራ ይዟል። አንዱን ክፍልና ግቢው ውስጥ ያለውን ባዶ ቦታ፣ ልጆቹ እየነኩ፣ እየገመቱና እየሞከሩ እንግሊዝኛ የሚማሩበት ቦታ ልናደርገው ነው። ብቻችንን አንዘልቀውም። እጃችሁን ዘርጉልን።

ለምን ይህን እንደመረጥን ላስረዳ። ብዙ ኬጂ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚሰጠው በሽምደዳ ነው። መምህሯ «ኤ ፎር አፕል» ትላለች፣ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ይቀበሏታል። ማታ እንግዳ ሲመጣ ይደግሙልናል፣ እኛም ደስ ይለናል። ግን ከነዚህ ልጆች ውስጥ ፖም በእጁ ይዞ የማያውቀው ብዙ ነው። ማንጎው፣ ፓፓያው፣ ብርቱካኑ ደግሞ ቀፊራ ገበያ ሞልቷል። ያንኑ ልጅ ብርቱካን አስይዛችሁ ስለ ብርቱካኑ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ብትጠይቁት ዝም ይላል። ስለያዘው ነገር እንዲናገር ማንም ጠይቆት አያውቅማ።

በጥያቄ መማር የሚባለው ዘዴ ከልጁ ጉጉት ይነሳል። መምህሯ አንድ ነገር ፊታቸው ታስቀምጥና ትጠይቃለች። ልጆቹ ይገምታሉ፣ ይሞክራሉ፣ ያዩትን ይናገራሉ። እንግሊዝኛው የሚመጣው ልጁ ለማውራት ሲቸኩል ነው።

በቅርቡ አንዷ መምህራችን የሞከረችውን ልንገራችሁ። ከሱቅ በፌስታል በረዶ አስመጣችና ሁለት ሳህን ላይ ከፈለችው። አንዱን ሳህን ፀሐይ ላይ አስቀመጠች፣ ሌላውን ኒሙ ዛፍ ሥር። «የቱ ቶሎ የሚያልቅ ይመስላችኋል?» አለቻቸው በአማርኛ። አንዱ በኦሮምኛ መለሰ፣ ሌላዋ በሶማሊኛ፣ ሁሉንም ሰማቻቸው። ከዚያ ተራ በተራ በረዶውን እያስነካች «ኮልድ» አለች። እነሱም እጃቸውን እያራገፉ «ኮልድ! ኮልድ!» አሉ። የድሬን ፀሐይ ታውቋታላችሁ፣ ብዙም አላስጠበቀቻቸውም። ሳህኑን ከበው ቁጢጥ እንዳሉ በረዶው ውሃ ሆነ። አንዷ ልጅ የሳህኑን ጠርዝ ነክታ እጇን መለስ አደረገችና «ሆት!» አለች። ቃሉን ቀደም ብላ ሻይ ሲቀዳ ሰምታዋለች፣ ያን ቀን ግን ራሷ ፈልጋ ተናገረችው። ውሃው ሲደርቅ ደግሞ አንዱ ትንሽ ልጅ «የት ሄደ?» ብሎ ጠየቀ። የማግስቱ ትምህርት ከዚያ ጥያቄ ተነሳ።

ደቻቱ ዳር ለሚያድግ ልጅ ይህ ተራ ጥያቄ አይደለም። ወንዙ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን እዚህ ጠብታ ሳይወርድ እንኳ ጎርፉ ድንገት ይደርሳል። የ1998 ዓ.ም. ክረምት በየቤታችን ምን እንዳደረገ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ውሃ ከየት እንደሚመጣና ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ልጅ፣ እንግሊዝኛውን እየለመደ ስለ ሰፈሩም ያውቃል።

አንዳንድ ወላጆች «የቤታቸው ቋንቋስ?» ብለው ሠግተዋል። ሥጋታቸው ተገቢ ነው። ስለዚህ ልጆቹ የሚያስቡትና የሚገምቱት በአፋቸው በፈቱት ቋንቋ ነው፣ እንግሊዝኛው በላዩ ይጨመራል። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጣል፣ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ ደግሞ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ነው። ገና በጠዋቱ ከቋንቋው ጋር የተኳረፈ ልጅ ያኔ ይቸገራል።

እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት የግድ በባለሀብት አይጀመርም። ጣሊያን ውስጥ፣ ሬጂዮ ኤሚሊያ አጠገብ ቪላ ቼላ የምትባል መንደር አለች። በ1945 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ ባለቀ በቀናት ውስጥ የመንደሩ ሰዎች ጀርመኖች ጥለውት የሸሹትን ታንክ፣ ካሚዮኖችና ፈረሶች ሸጡ። በገንዘቡ ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት መገንባት ጀመሩ። ሎሪስ ማላጉዚ የተባለ ወጣት መምህር ወሬውን ሰምቶ በብስክሌት ሄዶ አያቸው፣ ዕድሜውንም ለዚሁ ሥራ ሰጠ። ዛሬ ከዓለም ዙሪያ መምህራን ወደ ሬጂዮ ኤሚሊያ ሄደው ይማራሉ። እኔ ይህን ታሪክ ሳስብ እድራችን ትዝ ይለኛል። ድንኳኑንም፣ ወንበሩንም፣ ድስቱንም በመዋጮ የገዛ ሰፈር ይህንን አያቅተውም።

አሁን የሚያስፈልገንን ልናገር። ከዕቃ መጀመሪያ ጥላ ነው። ረፋዱ ላይ ግቢው ያቃጥላል፣ አንድ ኒም ደግሞ ሁሉንም ልጅ አያስጠልልም። የብረት ቋሚና ቆርቆሮ እንፈልጋለን። በውሃ የሚጫወቱ ልጆች ስላሉን ሮቶም ያስፈልገናል። ከዚያ ማጉያ መነፅር፣ ማግኔት፣ ሚዛን፣ ዝቅ ያለ መደርደሪያ፣ ወፍራም ገጽ ያላቸው የእንግሊዝኛ የሥዕል መጻሕፍት። መጻሕፍቱ ያገለገሉ ቢሆኑም ችግር የለም። ባዶ ሃይላንድ፣ ስለት የሌለው ጣሳ፣ የጀሪካን ክዳን፣ ቁራጭ ጨርቅና የፍሬ ዘር ደግሞ ማንም ቤት አይጠፋም፣ አትጣሉብን። ታብሌት እንላክላችሁ ያላችሁ አላችሁ፣ እናመሰግናለን፤ በዚህ ዕድሜ ግን ልጁ እጁ አሸዋና ውሃ ውስጥ ቢሆን እንመርጣለን።

ትልቁ ወጪ የመምህራኑ ሥልጠና ነው። ለእሱ ገንዘብ ማሰባሰብ ይከብዳል፣ ምክንያቱም እንደ ጥላው ተሠርቶ ቆሞ አይታይም። እኔ ግን ከሁሉም በፊት እሱ ይሟላ እላለሁ። ጠይቆ፣ መልሱን ሳይናገሩ ልጁ እስኪያስብ መታገስ ሳይለማመዱት አይመጣም። መምህራኖቻችን በአጫጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች ልጆቹን ማጫወት እንዲለምዱም ጊዜ ያስፈልጋቸዋል። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ የምትማሩ ወጣቶች በሳምንት አንድ ጠዋት ብትሰጡን ትልቅ እገዛ ነው። ብረት በያጆችና አናጢዎችም የአንድ ቀን ጉልበታችሁን እንለምናለን።

ገንዘቡ የሚገባው በኮሚቴው ስም በተከፈተ የባንክ ሂሳብ ነው። ያለ ሦስት ፊርማ አይወጣም። ለሰጣችሁት ሁሉ ደረሰኝ ትቀበላላችሁ፣ ወጪውም በየወሩ ግቢው በር ላይ ይለጠፋል። አሥር ብርም ብትሆን ትመዘገባለች። ውጭ አገር ያላችሁ እዚህ ባለ ዘመዳችሁ በኩል ብትልኩ ይቀላል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ክፍት ነው። ዕቃ ያላችሁ ፀሐይዋ ሳትበረታ አምጡልን፣ ክፍሉንም ግቡና እዩት። ለመሸከም የሚከብዳችሁ ከሆነ ለኮሚቴው ንገሩ፣ በባጃጅ መጥተን እንወስዳለን።