ጎኑ ያለው ፈንድቶ እሱ ለምን ዝም አለ?

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ጉድጓድ ውስጥ ፈንጂ ሞልቶ ድንጋይ ከሚያፈነዳ አንድ ደንበኛችን ስልክ ተደወለልን። «ጎኑ ያለው ጉድጓድ በደንብ ሄዷል፤ ይሄኛው ግን ጭጭ። የሸጣችሁልን ኢመልሽን ጊዜው አልፎበት ይሆን?» ጥያቄው አላስከፋንም። ጥፋቱ ግን የቀኑ ላይሆን ይችላል።

ኢመልሽን በውኃ የሟሟ አሞኒየም ናይትሬት በዘይት ውስጥ በደቃቁ የተበተነበት ፈንጂ ነው። ሲያዩት ግሪስ ይመስላል። የሚያነቃው ግን ውስጡ ያለው አረፋ ነው፤ የጋዝ አረፋ ወይም ባዶ የመስታወት እንክብል። ኃይለኛ የግፊት ሞገድ ሲያልፍ አረፋው በቅጽበት ይደፈጠጣል። በዚያች ቦታ ሙቀቱ እጅግ ይንራል፤ እሳቱም የሚነሳው ከዚያ ነው። ትኩስ ነጥብ የሚባለው ይሄ ነው። ካምብሪጅ ውስጥ ተመራማሪዎቹ ባውደን እና ዮፌ ብዙ የደከሙበት ሐሳብ ነው።

ታዲያ ምቱ ጠንካራ ስለሆነ ብቻ ፈንጂ አይነሳም። የቆይታው ጊዜም አለ። ከአንድ ዓይነት ብረት የተሠሩ ሁለት ሳህኖች፣ አንዱ ቀጭን አንዱ ወፍራም፣ በእኩል ፍጥነት ፈንጂ ቢመቱ ግፊቱ እኩል ነው። የቀጭኑ ግን ቶሎ ያልቃል፤ ከጀርባው የሚመለሰው ሞገድ ፈጥኖ ይደርስና ግፊቱን ያራግፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1969 ዎከር እና ዋስሊ የተባሉ ተመራማሪዎች ነገሩን በቀመር አስቀመጡት፦ የግፊቱ ካሬ በቆይታው ሲባዛ ከአንድ መጠን ማለፍ አለበት። ግፊቱ በግማሽ ከቀነሰ ቆይታው አራት እጥፍ መሆን አለበት ማለት ነው። ለብዙ ጠጣር ፈንጂዎች ጥሩ ግምት ይሰጣል፤ ለሁሉም ግን አይሠራም።

አሁን ወደ ዝምተኛው ጉድጓድ እንመለስ። ጎረቤቱ ቀድሞ ሲፈነዳ ግፊቱ በድንጋዩ አልፎ ይደርሰዋል። ለማፈንዳት ያንሳል፣ አረፋውን ለመጨፍለቅ ግን ይበቃል። ከጥቂት ሚሊሰከንድ በኋላ የራሱ ዴቶኔተር (ዋናውን ፈንጂ የሚያስነሳው ትንሽ ፈንጂ) ሲነሳ ኢመልሽኑ አረፋ የለውም። ትኩስ ነጥብም የለም። ጉድጓዶቹ በጣም ከተቀራረቡ፣ ወይም ድንጋዩ ስንጥቅና ውኃ ከበዛበት ይህ ይብሳል።

እዚህ ላይ አደራ አለን። የተሰበረ የመስታወት እንክብል አይመለስም፤ የጋዝ አረፋ ግን ግፊቱ ሲለቀው መልሶ ሊነፋ ይችላል። ስለዚህ «አንዴ እምቢ ብሏል» ብላችሁ አትዘናጉ። ዴቶኔተሩና ቡስተሩም (የዴቶኔተሩን ምት የሚያጎላው ፈንጂ) ሳይነሱ ቀርተው ሊሆን ይችላል፤ የመሰርሰሪያ ጫፍ ወይም የኤክስካቫተር ጥርስ ካገኛቸው ሌላ ታሪክ ነው። አትቆፍሩ፣ ሽቦውን አትጎትቱ፣ በአጠገቡም አዲስ ጉድጓድ አትብሱ። አካባቢውን ዝጉና ፈቃድ ያለው ባለሙያ ጥሩ።

ለቀጣዩ ፍንዳታ የጉድጓዶቹን ርቀት፣ የዲሌይ ቅደም ተከተሉን (የትኛው ጉድጓድ ከየትኛው በስንት ጊዜ ዘግይቶ እንደሚነሳ) እና የውኃውን ሁኔታ ቀድማችሁ ላኩልን። የትኛው ዓይነት አረፋ እንደሚሻላችሁ አብረን እናያለን። የደወሉልን ደንበኛም ያንኑ መረጃ ቢልኩልን ደስ ይለናል፤ ጥፋቱ የዕቃችን ከሆነም እንተካለን።

ከአክብሮት ጋር
የቴክኒክ ክፍል