ለአባባ፣ አንድ ብርሌ ይዘው ሠርግ ለሚጨርሱት

ይድረስ ለአባባ፣

እንደምን ከረሙ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትንሿ የመጀመሪያ ጥርሷ ወልቆ ጣሪያ ላይ ወርውራዋለች። ትልቁ አንደኛ ወጥቶ «ለአያቴ ንገሪልኝ» ብሎኛል። አያትህ በአንደኛ ብዙ አይደነቁም አልኩት። ውሃስ መጣ? በርሜሉን የሚሞላልዎ ሰው አለ?

የዳሌዎ ቀዶ ሕክምና በደህና አለቀ ሲሉኝ ተንፈስ ብዬ ነበር። ከዚያ ጎረቤታችን ደወለች። የሕመም ማስታገሻውን እምቢ ብለው ሌሊቱን ሲያቃስቱ አደሩ አለችኝ። «አንድ ሱሰኛ ለቤቱ ይበቃል» ብለዋል አሉ።

አባባ፣ ፋርማሲ ስውል ይህን ፍርሃት ብዙ ሰው ላይ አየዋለሁ። መሠረት የለውም አልልም። ሞርፊን ሱስ ሊያስይዝ ይችላል፣ ለወራት ያለ ሐኪም ሲወሰድ በተለይ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ በልክ፣ ለጥቂት ቀን የሚሰጥ ግን ሌላ ነው። ሕመሙ ካልታገሠ ደግሞ አይነሱም፣ አይራመዱም። ተኝቶ መክረም በእርስዎ ዕድሜ ለሳንባም ለደም ሥርም አደጋ አለው። መድኃኒቱ ሆድ ያደርቃል፣ ውሃ ይጠጡ። የእንቅልፍ ኪኒን አብረው እንዳይወስዱ።

አሁን ወደ «አንድ ሱሰኛ»፣ ወደ ወንድሜ ልመለስ።

አንጎላችን የራሱን ሞርፊን መሰል ነገር ይሠራል፤ ኢንዶርፊን ይሉታል። መጠጥ ሲገባም ይለቀቃል። ነርቮች ላይ ያሉ ተቀባዮች ሲይዙት ደስታ ይሰማናል፣ «ድገም» የሚል ግፊትም ይመጣል። ተቀባዩን የሚሠራው ጂን ኦፒአርኤም1 ይባላል። በአንዳንድ ሰው ላይ በአንዲት ፊደል ብቻ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ለወንዶች አልኮል በደም ሥር ሰጥቶ አንጎላቸውን ቃኘ። ያ ልዩነት ያላቸው ሰዎች አንጎል ዶፓሚን የሚባለውን፣ «ድገም» የሚያሰኘውን ኬሚካል የበለጠ ለቀቀ። መጠጡ አንድ ነው፣ ያገኙት ግን አንድ አይደለም።

እርስዎ አንድ ብርሌ ጠጅ ይዘው ሠርግ ይጨርሳሉ። ሰው ሁሉ በዚህ ያመሰግንዎታል፣ እርስዎም ምስጋናውን ይቀበላሉ። እኔም ሁለት መለኪያ ከወሰድኩ እንቅልፌ ይመጣል። የእኛ ጉብዝና ስንቱ ነው፣ ዕድላችንስ ስንቱ ነው? እሱ እኮ ገና ከመጀመሪያው ቀን የተለየ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ደግሞ የእማዬ ተዝካር ነው። ዳሱ ውስጥ ጠላ ቀዱለት፤ ጠጣ፣ ሳቀም። እርስዎ በሰው ፊት «በእናቱ ተዝካር የሚስቅ ልጅ የለኝም» አሉ። እማዬ ከሞተች ጀምሮ ሌሊት አንሶላውን ነክሶ ሲያለቅስ አንድ ክፍል የተኛሁት እኔ ነኝ። እርስዎ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ስላሉት ነበር የሚነክሰው። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለለው። አዘነም ሳቀም ጥፋቱ የእሱ ሆነ!

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ሌላ ጥናት አለ። ያ ተቀባይ የሌላቸው የአይጥ ግልገሎች ከእናታቸው ሲለዩ እንደ ሌሎቹ አይጮኹም። መጠጥን የሚያጣፍጠውና ከእናት ጋር የሚያስተሳስረው መንገድ ይነካካል ማለት ነው። ይህን ሳነብ እሱን አሰብኩ፤ ለምን እንደሆነ እርስዎም ያውቃሉ።

የእሱ ጂን ነው ብዬ አልምልም፣ አልተመረመረም። አንድ ጂን ብቻውን ጠጪ አያደርግም። ናልትሬክሶን የሚባል ያንን ተቀባይ የሚዘጋ ኪኒን አለ፤ አሜሪካ ለመጠጥ ሱስ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ሁሉንም ባይሆን የተወሰኑ ሰዎችን ይረዳል። ያ የጂን ልዩነት ያላቸውን የበለጠ ይረዳል ተብሎ ነበር፣ በኋላ የተሠራው ሙከራ ግን ያንን አላረጋገጠም። እሱ ሐኪም ለማማከር ተስማምቷል። ከእርስዎ የምፈልገው ሌላ ነው።

አባባ፣ ሰባ ዓመት አልፎዎታል፣ ዳሌዎም ተሰብሯል። ከዚህ በላይ አልጽፍም፣ የምፈራውን ያውቁታል።

ከቀዶ ሕክምናው ሌሊት ጀምሮ ኮሪደሩ ላይ ካርቶን አንጥፎ የሚያድረው እሱ ነው። ቀን ባጃጁን አዘዞ ይነዳል፣ ማታ ይመጣል። ሾርባውንም ጎረቤታችን አይደለችም የምትልከው። እንዳይነግሩዎት የለመናቸው እሱ ነው፣ ተናዶብኝ ይሆናል።

ትልቁ ለጥምቀት ጎንደር ውሰጂኝ እያለ ነው። ፈቃድ ካገኘሁ እንመጣለን።

እስከዚያው ዛሬ ማታ መድኃኒቱን ይዋጡ። ሐኪሙ የጻፈውን ወረቀት ማየት እፈልጋለሁ። በሩ ላይ ያለውን ልጅዎን ይጥሩትና ይስጡት፣ ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ።

ልጅዎ