ማስቲሽ ስለተቀባው ጥልፌ የቀረበ ቅሬታ

ለፍሬም ቤቱ ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ያለ አግባብ ፍሬም ስለገባ ጥልፍ

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት ከእናንተ ስለተረከብኩት የወፎች ጥልፍ ነው የምጽፈው። ስምንት ወር የለፋሁበት ሥራ ነው። ፍሬሙ ላይ ቅሬታ የለኝም። እንጨቱ ቆንጆ ነው፣ ማዕዘኖቹም ልክክ ብለው ገጥመዋል። ቅሬታዬ ውስጡ ባለው ነገር ላይ ነው።

ሳስረክብ ለተቀበለኝ ልጅ ሦስት ነገር ነግሬዋለሁ። ማስቲሽ እንዳይነካው፣ ዳር ዳሩን ያለው ትርፍ ጨርቅ እንዳይቆረጥ፣ መስታወቱ ጥልፉ ላይ እንዳያርፍ። "ችግር የለም፣ አታስቢ" አለኝ፤ ደረሰኙም ላይ ጻፈው። የከለከልኩት ሦስቱም ተደርጓል።

መጀመሪያ ያየሁት መጣመሙን ነው። ጨርቁ በአንድ ኢንች 14 ካሬ ያለው ስለሆነ መቁጠር ቀላል ነው። በግራ በኩል ከቅርንጫፉ እስከ ፍሬሙ ከላይ 12 ካሬ አለ፣ ከታች 7። አምስት ካሬ ማለት 9 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ወፎቹ ሊወድቁ ያዘነበሉ ይመስላሉ።

ቀጥሎ ዓይናቸው። የወፎቹን ዓይን ክሩን መርፌ ላይ ጠቅልዬ በቋጠሮ ነው የሠራሁት፤ ከጨርቁ ከፍ ብሎ እንዲታይ። አሁን መስታወቱ ጨፍልቆታል። ነገሩ የመልክ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! መስታወት በውስጥ በኩል እርጥበት ይቋጥራል። ጨርቁ ከነካው ያን እርጥበት ይጠጣል፤ ከዚያ ሻጋታ ነው። ዳር ዳሩን ቀጭን እንጨት ወይም ወፍራም ካርቶን አስገብቶ ማራቅ ይበቃ ነበር።

ጀርባውን ስከፍተው ግን እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ጨርቁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተራ ቡናማ ካርቶን ላይ ተለጥፏል። በነጩ ክፍል በኩል ማስቲሹ ወደ ፊት አልፎ የዘይት ጠብታ የመሰለ ነጠብጣብ ጥሏል። በየጎኑ 8 ሴንቲ ሜትር የተውኩት ትርፍ ጨርቅም ተቆርጦ የቀረው አንድ ሴንቲ ሜትር ነው።

ያ ትርፍ ዝም ብሎ የተረፈ አልነበረም። ጥልፍ የሚወጠረው በእሱ ነው። አሲድ የሌለው፣ ማለትም ጨርቁን በጊዜ ብዛት የማያበላሽ ካርቶን ላይ ተዘርግቶ ትርፉ ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ ከዚያ ጠንካራ ክር እንደ ጫማ ማሰሪያ ከዳር ዳር እየተመላለሰ ይወጥረዋል። አንድ ጠብታ ማስቲሽ አያስፈልገውም። ይፈታ ከተባለም ክሩን መቁረጥ ብቻ ነው። ፎቶ ቢሆን ድጋሚ አሳጥበው ነበር። ይሄን ግን የት አሳጥበዋለሁ?

ስደውል "አምጪው፣ ነቅለን እናስተካክለዋለን" ተባልኩ። አላመጣውም። ማስቲሹ የያዘው ጨርቁን ብቻ ሳይሆን ከጀርባ ያሉትን የክር ጫፎች ጭምር ነው። ጨርቁ ሲነቀል ክሩ ካርቶኑ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ መጀመሪያ የምፈልገው መልስ ይሄ ነው፦ የቀባችሁት ምንድን ነው? ነጩ የእንጨት ኮላ ነው ወይስ ቢጫው ማስቲሽ? አንዱ በውሃ ሊለሰልስ ይችላል፤ ሌላው የክሩን ቀለም ሊያበላሽ የሚችል ኬሚካል ይፈልጋል። ሳላውቅ ምንም መሞከር አልችልም። የቆርቆሮውን ወይም የጠርሙሱን ፎቶ ብትልኩልኝ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ለመወጠሪያው የከፈልኩት ይመለስልኝ። ጥልፉን የሚያላቅቅና በተቆረጠው ዳር ላይ ሌላ ጨርቅ ሰፍቶ የሚቀጥል ባለሙያ የሚጠይቀውንም እናንተ ሸፍኑ። የፍሬሙን ዋጋ አልጠይቅም፤ እሱ በደንብ ተሠርቷል።

የደረሰኙን ቅጂና የጀርባውን ፎቶ አያይዣለሁ። የማስቲሹን ዓይነት ግን ዛሬውኑ ንገሩኝ፤ በቆየ ቁጥር እየደረቀ ነው።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ