የልጆችን ድድ ስትወጉ ቀስ በሉልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው ክረምት የሰባት ዓመት ልጄን መንጋጋዋን አመማት። ሌሊቱን ጉንጯን ይዛ ስታለቅስ አደረች። ጠዋት ፒያሳ አካባቢ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ይዣት ሄድኩ። ወረፋው ረጅም ነበር። ተራችን ሲደርስ ነርሷ እጆቿን ያዘች፤ እኔ እግሯን እንድይዝ ተነገረኝ። መርፌው ፊት ለፊቷ ወጣ። ድዷ ላይ ተሰካና የማደንዘዣው መድኃኒት በአንዴ ተገፋ። ጩኸቷ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። አፏን አልከፍትም አለች፤ ጥርሱም ሳይነቀል ቤት ተመለስን።

ከዚያ በኋላ በታክሲ በዚያ በኩል ስናልፍ ብብቴ ስር ትሸጎጥ ነበር።

«የወተት ጥርስ አይደል? ራሱ ይወድቃል» ያሉኝ ብዙ ናቸው። የወተት መንጋጋ ግን እስከ 10 እና 12 ዓመት ድረስ አፍ ውስጥ ይቆያል። እስከዚያ እያመማት ትቆይ?

ከሳምንታት በኋላ ሰው ጠቁሞኝ ስታዲየም አካባቢ ወደምትሠራ ሌላ ሐኪም ወሰድኳት። ሐኪሟ መጀመሪያ ወንበሩን ከፍ ዝቅ እያደረገች አጫወተቻት። ትንሿን መስታወት በእጇ አስያዘቻት። ድዷን በጥጥ አደረቀችና የሚያደነዝዝ ጄል ቀባቻት። ከዚያ ጠበቀች። ሰዓቷን እያየች፣ ሁለት ደቂቃ ያህል። ድዱ ካልደረቀ ጄሉን ምራቅ ያጥበዋል፣ ካልተጠበቀም አይሠራም አለችኝ። መርፌውን ከወንበሩ ጀርባ ነው የተቀባበሉት፤ ልጄ አላየችውም። ሐኪሟ በአንድ እጇ የልጄን ከንፈር ይዛ እየነቀነቀች፣ ስለ ድመታችን እየጠየቀቻት፣ መድኃኒቱን ጠብ ጠብ አደረገችው።

ልጄ ቆይታ «መቼ ነው የምትወጊኝ?» አለች። ተወግታ ጨርሳ ነበር።

ምን እንዳደረገች ሐኪሟን ጠየቅኳትና አስረዳችኝ። ዋናው ሕመም የሚመጣው ከመርፌው ጫፍ ሳይሆን መድኃኒቱ በፍጥነት ሲገፋ ጠባቡን ድድ ስለሚወጥረው ነው። አንዷ የማደንዘዣ ብልቃጥ 1.8 ሚሊ ሊትር ትይዛለች፤ ለ1 ሚሊ ሊትር ቢያንስ አንድ ደቂቃ መስጠት ይገባል። አድሬናሊን ያለበት ሊዶካይን የሚባለው ማደንዘዣ አሲድነት ስላለው ያቃጥላል፤ በፍጥነት ሲገባ ደግሞ ይብሳል። ከንፈሩን መነቅነቁስ? ጉልበታችን ሲጋጭ ወዲያው የምናሸው ለምንድን ነው? ንክኪው የሕመሙን መልእክት ስለሚያደክመው ነው። መጠኑም በልጁ ክብደት ነው የሚሰላው፤ ስለዚህ ሚዛን ላይ ሳታወጡ አትውጉልን።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ውድ ነገር የቱ ነው? ጥጥ፣ ጄል፣ ሁለት ደቂቃ። ሐኪሞቻችን ወረፋ እንደሚያስጨንቃቸው አይቻለሁ። ግን ያን ቀን እኔና ነርሷ ከልጄ ጋር ስንታገል የፈጀነው ጊዜ ከሁለት ደቂቃ እጅግ ይበልጣል፤ ጥርሱም አልተነቀለም።

እኛ ወላጆችም ጥፋት አለብን። «ካስቸገርሽ ዶክተሩ ይወጋሻል» እያልኩ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ክሊኒክ በር ላይ ደርሰን ደግሞ «ምንም አያምም» አልኳት። ሁለቱንም ማለት አልነበረብኝም። ሐኪሟ ያለቻት «ትንሽ ቆንጠጥ ያደርግሻል፣ ከዚያ ከንፈርሽ ይተኛል» ብቻ ነው። እንዳለቻትም ሆነ፤ ልጄም አመነቻት።

አንድ ነገር ልጨምር። ከንፈርና ጉንጭ ለሁለትና ለሦስት ሰዓት ደንዝዘው ይቆያሉ። የጎረቤቴ ልጅ በዚያ ሰዓት ከንፈሩን ሲያኝክ ውሎ ማታ አብጦ አደረ። ድንዛዜው እስኪለቅ ምግብ አትስጧቸው፤ ዓይናችሁንም ከአፋቸው አታንሱ።

ቀጠሮ ስትይዙ «ጄል ትቀባላችሁ? ቀስ ብላችሁ ነው የምትወጉት?» ብላችሁ ጠይቁ። ክሊኒኮችም ይህን ጥያቄ እንደ ድፍረት አትዩብን። የልጄ የሌላኛው መንጋጋ ቀዳዳ በሚቀጥለው ወር ይሞላል። «ድመታችንን የጠየቀችኝ ጋ ከሆነ እሺ» ብላኛለች።

አንዲት እናት፣ ከአራት ኪሎ