ቀመሩን ኒቅያ አላወጣውም፤ አንዷም ተረስታለች

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ትንሣኤ በዓል አወጣጥ ባተማችሁት ጽሑፍ ውስጥ «ቀመሩን የኒቅያ ጉባኤ በ325 ደነገገው» ይላል። አልደነገገም። ከጉባኤው 20 ቀኖናዎች ስለ ፋሲካ አቆጣጠር የሚናገር አንድም የለም። ጉባኤው ለእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን በላከው ደብዳቤ፣ በዓሉን ከአይሁድ ጋር ያከብሩ የነበሩ ምሥራቃውያን ከእንግዲህ ከሮምና ከእስክንድርያ ጋር እንዲያከብሩ መስማማቱን ይገልጻል፤ በምን ስሌት ለሚለው መልስ የለውም። ሮምና እስክንድርያ ደግሞ ራሳቸው ስሌታቸው አንድ አልነበረም።

እስክንድርያ በ19 ዓመት ዑደት ስትሄድ ሮም የ84 ዓመት ሠንጠረዥ ይዛ ቆየች። በ455 የሮም ስሌት ኤፕሪል 17 ላይ፣ የእስክንድርያው ኤፕሪል 24 ላይ ዋለ። የሮሙ ጳጳስ ልዮን ለንጉሠ ነገሥት መርቅያን ሳይቀር ጽፎ ተከራከረ፤ በኋላ ለአንድነት ሲል የእስክንድርያን ቀን ተቀበለ። በ451 በኬልቄዶን ጉባኤ የእስክንድርያውን ሊቀ ጳጳስ ዲዮስቆሮስን ያስወገዘው ያው ልዮን ነው፤ ሰውየውን አውግዞ ቁጥሩን ወሰደ። በ525 ዲዮናስዮስ የተባለ መነኩሴ ይህንኑ የእስክንድርያ ሠንጠረዥ ለላቲኖች አዘጋጀላቸው። በእኛ ትውፊትም ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የበዓላትና የአጽዋማት አቆጣጠር፣ የሚነገረው ለእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ ነው፤ እሱ ደግሞ ከኒቅያ አንድ መቶ ዓመት ገደማ ይቀድማል።

አሁን ትንሣኤን ሚያዝያ 18 ወዳደረገው የ2018 ዓ.ም. ስሌታችሁ። በ2018 ላይ ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5500 ዓመት ሲደመር 7518 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 395 ደርሶ 13 ይቀራል። ከቀሪው አንድ ይነሣል፤ የተያዘው ዓመት ገና አልተፈጸመምና። ወንበር የሚባለው ይህ ውጤት 12 ነው። ወንበር በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ (ሠላሳ ሠላሳው ሲጣል) አበቅቴ፣ ማለትም የጨረቃ ትርፍ ቀን፣ 12 ይሆናል፤ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ ደግሞ የበዓላቱ ስሌት መነሻ ቀን የሆነው መጥቅዕ 18 ይወጣል። 11ዱ የፀሐይ ዓመት ከጨረቃ ዓመት የሚበልጥባቸው ቀኖች ናቸው። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ካልሞሉ ማባዛቱ ተሳስቷል።

መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። መስከረም 18 እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የተመደበው ተጨማሪ ቁጥር፣ 7። 18 እና 7 መባጃ ሐመር የሚባለውን ድምር 25 ያደርጉታል፤ የነነዌ ጾም ጥር 25 ሰኞ ትገባለች። በዚህ ላይ የትንሣኤ ተውሳክ 9 ሲጨመር 34፣ ሠላሳው ሲገደፍ 4፦ ሚያዝያ 4።

ጽሑፋችሁ አንዷን ሳያነሣ 13ን እንዳለ አባዛው። መጥቅዕ 7 ሆነና ጥቅምት ገባ፤ ጥቅምት 7 ዓርብ ነው፣ ተውሳኩ 2፤ ነነዌም የካቲት 9 ሆነች። ሰኞ ላይ ስለዋለች ስሕተቱ ለዓይን አይታይም፤ አበቅቴ 23ና መጥቅዕ 7 እንኳ 30 ይሞላሉ። ያተማችሁት ሚያዝያ 18 የመጣው ከዚህ ነው።