ለገበሬው ብር እንዳትሰጪ

የኔ ዓለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት በደብረ ብርሃን ብርድ ያው እንደምታውቂው ነው። ምንጃር ከገባሽ ጀምሮ በደወልሽ ቁጥር «ቤት አግኝቻለሁ፣ አታስቡ» ነበር የምትዪን። ትናንት ወንድምሽ ሁሉንም ዘረገፈው። ከጎተራው ጥግ ባለች አንዲት ክፍል ከሌላ መምህርት ጋር ተዳብላችሁ እንደምትኖሩ፣ እሷንም ባለቤቶቹ ለጤፉ ማስገቢያ ስለሚፈልጓት በታኅሣሥ ልቀቁ መባላችሁን ሰማን። ደላላውም ከመንደሩ ጫፍ 150 ካሬ የገበሬ መሬት አሳይቶሽ ለውሉ ቀን ተቆርጧል አሉ።

ለገበሬው ብር እንዳትሰጪ። ቀብድም ቢሆን።

መሬት አይሸጥም። ይህን የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ላይ ታገኚዋለሽ፤ በ2016 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324ም አልለወጠውም። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። ደላላው ይህን ከኔም ካንቺም በላይ ያውቃል፤ ለዚህም ነው ውሉ ላይ «መሬት ሸጥኩ» የማይባለው። «ቤት ሸጥኩ» ይባላል፣ ቤት በሌለበት። ወይም «ብር ተበደርኩ» ይባላል፤ ያኔ በእጅሽ የሚቀረው የብድር ወረቀት ነው፤ ከዓመታት በኋላ ፍርድ ቤት ብትረቺ የምታገኚው ያኔ የሰጠሽውን ቁጥር ነው፣ ብሩ ግን ያኔ የነበረው ብር አይደለም። «በስጦታ ሰጠሁ» ካሉሽም ስጦታው ሕጉ ለሚያውቃቸው የቤተሰብ አባላት እንጂ ለባዕድ አይሆንም። ሦስት ሽማግሌ መፈረሙ ይህን አይቀይረውም።

የአጎትሽ ልጅ የደረሰበትን አትርሺ። በሌሊት ግድግዳ አቆመ፣ በማግስቱ ቆርቆሮ መታ፤ ጨረቃ ቤት ማለት ይኸው ነው። ጎረቤቱ ሁሉ እንዲያ ስለሠራ የሚነካው አልመሰለውም። መብራት እንኳን ከጎረቤት ስቦ ሁለት ክረምት ኖረበት። ከዚያ በሩ ላይ ቀይ ኤክስ ተቀባ፣ ይፈርሳል ማለት ነው። ዕቃውን ራሱ እንዲያነሳ ጊዜ ስለተሰጠው ቆርቆሮውን ነቅሎ እኛ ግቢ ከመረው። ያን ቆርቆሮ ለወጥ ቤታችን ስንመታው የድሮው የምስማር ቀዳዳ ከአዲሱ እንጨት ጋር አልገጥም አለ፤ እናትሽ እስከ ዛሬ ምድጃዋ ላይ የሚንጠባጠበው ከዚያ ነው። ሚስቱ ያን ጊዜ አራስ ነበረች። ምነው ይህን ሁሉ አነሳሁት? አንቺም ታውቂዋለሽ።

የአያትሽ ይዞታ ለአራት ወንድማማች ሲከፈል ለኔ አንድ ጥማድም ሳይሞላ ቀረ። ለልጄ ጎጆ መቀለሻ የሚሆን መስጠት አለመቻሌ ያንገበግበኛል። ግን መቆጨቴ ያንቺን ውል ሕጋዊ አያደርገውም።

የሚከራይ ቤት የጠፋው ሰዉ ጨካኝ ሆኖ አይደለም። ገበሬ ቤት የሚሠራው ለራሱ፣ ለከብቱና ለእህሉ ነው። ተከራዩ አስተማሪና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ብቻ ነው፣ እሱም ዝውውር እንዳገኘ ይሄዳል፤ ለሱ ብሎ በዛሬ ዋጋ ቆርቆሮ የሚገዛ የለም። ስለዚህ መምህሩ ከከተማ ይመላለሳል፣ ሰኞ ጠዋት ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ይደርሳል፣ ሕፃናቱ ይጠብቃሉ። ነገሩን የሚፈታው የትምህርት ቤቱ ግቢ ነው። ወላጆች በደቦ የመምህራን ቤት የሠሩባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። ለርዕሰ መምህሩ ንገሪ፤ እሱ ለወላጆች ኮሚቴ ያቅርበው። ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ቀበሌውና የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ይወቁት። ቤቱ የትምህርት ቤቱ ይሆናል፣ አንቺ ስትሄጂ ሌላዋ ትገባበታለች።

ሥራውን እኔ ልንገርሽ፣ ሙያዬ ነው። 9 ሜትር በ5 ሜትር አድርጉት፤ እያንዳንዳቸው 3 በ5 የሆኑ ሦስት ክፍሎች፣ ለየራሳቸው በር። ዋና ቋሚ በየ1 ሜትሩ ከሆነ ዙሪያውን 28፣ ለሁለቱ ማካፈያ 8፣ በጠቅላላው 36። ቁመታቸው 3 ሜትር፣ 60 ሳንቲሙ ይቀበራል። ጽድ ከተገኘ ጽድ፤ ባሕር ዛፍ ከሆነ ልጡ ተልጦ ይድረቅ፣ የሚቀበረው ጫፍ በእሳት ይለብለብ፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይትም ይቀባ። ካልሆነ ምስጥ ከሥር ይበላውና ግድግዳው ቀጥ ብሎ እንደቆመ እግሩ ባዶ ይሆናል።

ቆርቆሮው ባለ 2 ሜትሩ ነው። ጎን ለጎን ሲደራረብ አንዱ 80 ሳንቲም ገደማ ስለሚሸፍን በአንድ ረድፍ 13፣ በአንድ ወገን ሁለት ረድፍ፣ በጠቅላላው 52፣ የጣሪያውን አናት ከሚሸፍነው ከኮልሞው ሌላ። ሻጭ 32 ጌጅ ርካሽ ነው ብሎ ያባብላችኋል፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ቆርቆሮው እየሳሳ ነው የሚሄደው። 30 ወይም 28 ግዙ። ምስማር የሚመታው በጉብታው ላይ እንጂ ውኃ በሚወርድበት ሸለቆ አይደለም። የጣሪያው ክፈፍ ከግድግዳው 70 ሳንቲም ገደማ ይውጣ፤ ጭቃ ቤትን የሚገድለው ከጣሪያ ወርዶ መሬት መትቶ የሚፈናጠረው ውኃ ነው። ከግድግዳው ሥር ግማሽ ሜትር በድንጋይ ይነሳ።

አፈሩን በተመለከተ ጠንቀቅ በዪ። የምንጃር ዋልካ፣ ጥቁሩ አፈር፣ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ለምርግ ቀይ አፈር ከሩቅም ቢሆን ይምጣ። የጤፍ ጭድ እዚያ ሞልቷል፣ ከውቂያ በኋላ በጥር ጀምሩ። ጭቃው በጭድ ተረግጦ ቀናት ይዋል ይደር፣ በየቀኑ ውኃ እየጠጣ እንደገና ይረገጥ። የመጀመሪያው ምርግ ሳይደርቅ ሁለተኛውን የሚደርብ ሰው ካያችሁ አስቁሙት፤ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ላዩ ሲደርቅ ተላቅቆ ይወድቃል። የላይኛው ልስን እበት ይግባበት።

እስከዚያ በታኅሣሥ የት እንደምትገቢ አስቤበታለሁ። ትምህርት ቤቱ ትርፍ ክፍል ወይም መጋዘን ካለው ለጊዜው በጽሑፍ ጠይቂ፤ በቃል የተሰጠ በቃል ይነጠቃል። የራስሽ ቦታ ከፈለግሽ ደግሞ የወረዳው ከተማ አረርቲ ማዘጋጃ ቤት ሄደሽ በቤት ሥራ ማኅበር ለመደራጀት ምን እንደሚጠይቁ ጻፊና ላኪልኝ። ገንዘቡ የሚቀመጠው በማኅበሩ ስም በዝግ ሂሳብ ነው፤ «በኔ በኩል አስገቢ» የሚል ሰው ከመጣ ያው ደላላው ነው፣ ኮት ቀይሮ።

እናትሽ በሶና ቋንጣ ልካልሻለች፣ ቅዳሜ በሚመጣው መኪና ይደርስሻል። ቋንጣውን ከጎተራው አርቂው፣ አይጥ አለ ብለሻል። የውሉ ቀን ሐሙስ ነው አሉ። ረቡዕ ማታ ደውዪልኝ፣ ደላላውንም አገናኚኝ፣ እኔ እመልስለታለሁ። ቀብድ ከሰጠሽ ደግሞ አትደብቂኝ፤ አልቆጣሽም፣ ደረሰኙን ፎቶ አንስተሽ ለወንድምሽ ላኪለት።

አባትሽ