ግሮተን ለምትማረው ልጄ

ውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

ግሮተን ያለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሰርጓጅ መርከብ ትምህርት ቤት ከገባሽ ወዲህ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሰርጓጅ መርከብ አዛዥ ስለ ነበረው ስለ ሪቻርድ ኦኬን ልጽፍልሽ ሳስብ ቆይቻለሁ። አስተማሪዎችሽ ታሪኩን ካሰመጣቸው መርከቦች እንደሚጀምሩት እገምታለሁ፤ እኔ ግን ምርኮኛ ሆኖ ያየውን ይበልጥ እንድታውቂለት እወዳለሁ።

ኦኬን እ.ኤ.አ. በ1944 ታንግ የተባለችውን የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ እያዘዘ በፓስፊክ ውቅያኖስ አምስት ጊዜ ለውጊያ ወጥቷል። በዚያው ዓመት የጃፓን ጦር ሰፈር በነበሩት በትሩክ ደሴቶች አጠገብ፣ አውሮፕላናቸው ተመትቶ ባሕር ላይ የወደቁ 22 በራሪዎችን በጠላት ምሽግ አፍንጫ ሥር እየለቀመ አድኗቸዋል፤ እኔ ከሥራው ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

በጥቅምት ወር ታይዋን ወሽመጥ ላይ የተኮሰው የመጨረሻው ቶርፔዶ (በውኃ ውስጥ ተጉዞ መርከብ የሚመታ ፈንጂ) አቅጣጫውን ስቶ፣ ክብ ሠርቶ ተመለሰና የገዛ መርከቡን ከኋላዋ መታት። ከ87 ሰዎች የተረፉት ዘጠኝ ብቻ ናቸው። ከእነዚህም አምስቱ 55 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ካረፈችው መርከብ በማምለጫው ክፍል በኩል የወጡ ሲሆኑ፣ ከሰመጠ ሰርጓጅ መርከብ ለማምለጥ በሚለበሰው በሞምሰን መተንፈሻ የታገዙም ነበሩባቸው።

ከባሕር ያነሣቸው የጃፓን አጃቢ መርከብ ላይ ዱላና እርግጫ ወረደባቸው። ኦኬን በኋላ እንደ ገለጸው፣ የሚደበድቧቸው ሰዎች ታንግ ካሰመጠቻቸው መርከቦች የተረፉ፣ ገላቸው የተቃጠለና አካላቸው የጎደለ መሆናቸውን ሲረዱ፣ ድብደባውን በቀለለ ቂም ሊችሉት ቻሉ። ምርኮኛን መደብደብ በሕግም በሃይማኖትም ነውር ነው፤ ይሁንና ዱላ እያረፈበት የመቺውን ቁስል ማየት የቻለን መኮንን እኔ ከልቤ አከብረዋለሁ። አንቺም ነገ የምትተኩሺው መሣሪያ ወዲያ ማዶ ሰው እንደሚያገኝ ከእሱ እንድትማሪ እፈልጋለሁ።

ከዚያ የተወሰደው የጃፓን ባሕር ኃይል ምርኮኞችን ወደሚመረምርበት ወደ ኦፉና ካምፕ ነበር። እዚያ የተያዙት ሰዎች ስም ለቀይ መስቀል አይገለጽም ነበርና ቤተሰቦቻቸው በሕይወት ይኑሩ ይሙቱ ሳያውቁ ወራት ያልፉ ነበር። ረኃቡንና ምርመራውን ሳነብ ታግሼ፣ እዚህ ላይ ስደርስ ግን መቀጠል አቃተኝ፤ ወላጅ ነኝና። በኋላ ቶክዮ ወዳለው ኦሞሪ ካምፕ ተዛውሮ፣ በነሐሴ 1945 ነፃ ሲወጣ ክብደቱ 40 ኪሎ ያህል ብቻ ነበር። በ1946 ፕሬዚዳንት ትሩማን የአሜሪካን ከፍተኛ የጦር ሽልማት፣ የክብር ሜዳሊያን ሸለሙት።

ልጄ፣ ባሕር ውስጥ ስትሆኚ ወሬሽ ለሳምንታት መቋረጡ የሥራው ጠባይ እንጂ ክፉ ምልክት አለመሆኑን ለእናትሽ አንቺው አስረጃት፤ ከእኔ ይልቅ አንቺን ትሰማለች። የማምለጫ ልምምዱንም ስትጨርሺ ሳትውዪ ሳታድሪ ደውዪልኝ።

የሚወድሽ አባትሽ